ብርድ የሸፈነው ፀሐይ፦ ሰሜን ሸዋ ቆዳውን እንዴት ይጠብቅ?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ተሳፋሪ ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ታች ቆላው ላይ ዣንጥላ ተዘርግቷል፣ ባርኔጣ አናት ላይ ነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበውታል። መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ሲያያዘው መስኮት ይዘጋል፣ ጋቢ ይወጣል። ዋሻውን አልፎ ደጋው ላይ ብቅ ሲል ዣንጥላው ታጥፎ ከወንበር ሥር ገብቷል። «እፎይ፣ ከፀሐይ ወጣን» ይላል አንዱ። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው ጨረር የሚበረታው ዣንጥላው ከታጠፈ በኋላ ነው።

ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም። ቆዳን የሚለበልበው፣ ውሎ አድሮም የሕዋሳትን ዘረ መል እየጎዳ ለካንሰር የሚዳርገው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር በዓይን አይታይም፤ ሲያርፍብንም አይሞቅም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ከፍታው 1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች፤ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሰማዩ እኩል ጥርት ባለበት ቀን፣ በርኖስ ለብሶ ጓሳ ላይ በግ የሚጠብቅ እረኛ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ጨረር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ተጠምቆ ሽንኩርት ከሚያርም ሰው በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው።

ደጋውን ይበልጥ አታላይ የሚያደርገው ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ሲነጋ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ሰው ብርዱን ሽሽት ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ከግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል። ፀሐይ እኛ ዘንድ ወዳጅ ናት፣ መድኃኒት ናት። ከተማችን እንኳ ደብረ ብርሃን የሚለውን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። «ከፀሐይ ተጠንቀቅ» የሚል ምክር ለመንዝ ሰው ጆሮ እንግዳ ቢሆንበት አይገርመኝም።

ሌላም ነገር አለ። የምንኖረው ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ብለን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ፣ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። የጨረሩ መጠን የሚነገርበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ 3 ሲደርስ ጥንቃቄ ይጀመር ይላል፣ 11ና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅግ አደገኛ ይለዋል። በእኛ ደጋ እኩለ ቀን ላይ 11ን ማለፍ ብርቅ አይደለም። ስስ ደመናም አያስጥልም፤ አብዛኛው ጨረር ሾልኮ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። ይህን ሁሉ ያልኩት እያንዳንዱ የሰሜን ሸዋ ሰው የቆዳ ካንሰር ያሰጋዋል ለማለት አይደለም። ጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው ቀለም ተፈጥሮ የሰጠን ጥላ ነው፤ አብዛኞቻችንን ጠብቆ ያኖረናል። ቆዳን ከፀሐይ በመጠበቅ ረገድ ስመ ጥር የሆነው ዘመቻ የአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 «ሸሚዝ ልበስ፣ ቅባት ተቀባ፣ ባርኔጣ ድፋ» በሚል የልጆች ዜማ ተጀምሮ አገሪቱን አዳርሷል፤ ዛሬ እዚያ በወጣቶች ላይ የሚታየው አደገኛው የቆዳ ካንሰር እየቀነሰ ነው። ያ ዘመቻ የተቀረጸው ግን በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ላለው ሕዝብ ነው። እሱን እንዳለ ገልብጠን «ሁላችሁም ከውጭ የመጣ ቅባት ግዙ» ብንል ገበሬው ይስቅብናል፤ መሳቁም ትክክል ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1981፣ በ36 ዓመቱ ያረፈው ቦብ ማርሌይ የሞተው በቆዳ ካንሰር ነበር፤ የጀመረውም በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነው። ጥቁር ሰዎችን የሚይዘው ይህ ዓይነቱ ካንሰር በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ይወጣል፤ ከፀሐይ ጋርም እምብዛም አይያያዝም። ለዚህ የሚያስፈልገው ቅባት ሳይሆን ማታ እግር ሲታጠቡ ውስጥ እግርን ገልብጦ ማየት ነው።

ታዲያ የእኛ ጉዳይ የማን ጉዳይ ነው? ቀድሞ የሚመጣልኝ አልቢኒዝም ያለበት፣ ማለትም ከልደቱ የቆዳ ቀለም ያነሰው ልጅ ነው።

መንዝ ውስጥ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያ ያየሁት የታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ፣ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ላይ በግ ሲጠብቅ ነበር። የአባቱን በርኖስ ደርቧል፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ከብርዱ የሚያስጥል ምን የመሰለ ልብስ ነው! አናቱ ላይ ግን ያለችው ከፊት ብቻ ጠርዝ ያላት ኮፍያ ናት። ጠጋ ስል የሁለቱ ጆሮዎቹ ጫፍ ተልጦ ቅርፊት ይዟል፤ የታችኛው ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ አንገቱ ከኋላ ቀይ ሆኖ እንደ አሮጌ ቆዳ ሻክሯል። ዓይኖቹን ጨፈን አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። እናቱን ስጠይቃት «ብርድ ነው የሚልጠው ይሉናል፤ ቅቤ እቀባዋለሁ» አለችኝ። ቅቤ ይህን ጨረር አይመልስም። ልጁን የላጠው ብርዱ አልነበረም።

አልቢኒዝም ያለበት ሰው ሰውነቱ ሜላኒን አያመርትም፣ ወይም የሚያመርተው በጣም ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዲህ ሆኖ እንደሚወለድ ይገምታል። በአፍሪካ ብዙ ቦታዎች እነዚህን ወገኖች በለጋ ዕድሜያቸው የሚቀጥፈው ዋናው ነገር የቆዳ ካንሰር ነው። የሚያሳዝነኝ፣ ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። በአንድ ቀንም አይመጣም። መጀመሪያ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር ላይ ሻካራ ቅርፊት ይወጣል፤ በዚያ ደረጃ በቅዝቃዜ አቃጥሎ ማንሳት ቀላል ነው። ቁስል ከሆነም በኋላ ቶሎ ከተደረሰበት ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ግን ቁስሉ ጆሮውን በልቶ ካበቃ በኋላ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ፀጥታው እየደፈረሰ መንገድ ሲዘጋ፣ ሪፈር ተጽፎለት ቤቱ የቀረ በሽተኛ ጥቂት አይደለም።

ስለ አልቢኒዝም መንስኤም በግልጽ መነገር አለበት፤ ብዙ ትዳር ፈርሶበታልና። እርግማን አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። ዘሩ ከአባትም ከእናትም፣ ከሁለቱም እኩል ይመጣል። ሁለቱም ሳያውቁት ተሸክመውት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለው። ሁለት ተሸካሚዎች የመገናኘታቸው ነገር በዘመዳሞች መካከል ከፍ ይላል፤ አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው ማጋባታቸው ከዚህ አንጻር የጠቀመን ልማድ ነው። «ይህ የኔ ልጅ አይደለም» ብሎ ሚስቱን የሚያባርር ባል ግን ግማሹን ዘር ያዋጣው እሱ ራሱ መሆኑን ይወቅ። በየዓመቱ ሰኔ 6 ቀን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን እንዲሆን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ወስኗል። በዚያ ዕለት ከከተማ አዳራሽ ይልቅ በቀበሌ ስብሰባና በዐውደ ምሕረት ላይ ይህች አንዲት ነገር ብትነገር እወዳለሁ።

ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ። ማለዳ ተማሪ ተሰልፎ ባንዲራ ሲሰቀል ባርኔጣ ይወልቃል፤ ክፍል ውስጥም እንደዚሁ። ባርኔጣ ማውለቅ እኛ ዘንድ አክብሮት ስለሆነ መምህሩን አልወቅስም። ግን አልቢኒዝም ያለበት ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ሳይቀር፣ ሜዳ መሐል ባዶ ራሱን ሲቆም አይቻለሁ። የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች «ባርኔጣ የሌለው ልጅ ሜዳ ወጥቶ አይጫወትም» የሚል ደንብ አላቸው። እኛ ደንቡን መቅዳት የለብንም፤ አንድ ርዕሰ መምህር «ይህ ልጅ ባርኔጣውን አያውልቅ፣ ፊት ወንበር ላይ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ» ካለ ይበቃል። አልቢኒዝም ዓይንንም ስለሚያደክም፣ ሰሌዳ ማየት ያልቻለ ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ተብሎ ነው ትምህርት የሚያቋርጠው። ያቋረጠ ልጅ የሚሄደው ደግሞ ወደ ማሳና ወደ በግ ጥበቃ ነው፤ ማለትም ተመልሶ ወደ ፀሐዩ።

ከቅባቱ በፊት ልብሱን እናስብ። ሸማኔዎቻችን ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ቋንቋ ድሮ ሰጥተውናል፦ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ። ነጠላ እንደ ስሙ አንድ ነው፤ ለፀሐይ ስታነሡት ማዶው ይታያል፤ ጨረሩም እንደዚያው ያልፋል። ኩታ ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ። ለፀሐይ ተነሥቶ ብርሃን የማያሳልፍ ልብስ ጨረሩንም አያሳልፍም፤ ይህን ለመፈተን ማንም መሣሪያ አያስፈልገውም። ነጠላ ብቻ ያላት እናት አጥፋ አጥፋ ደርባ ትከናነበው። ባርኔጣ ከሆነ ጆሮንና አንገትን የሚያጠላ፣ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው የሰሌን ይሁን። ዣንጥላም ስሙ ላይ ያለው ጥላ ነው፤ ዝናብ የሚለው ቃል የለበትም። አንድ ወንድ ልጅ ዣንጥላ ይዞ ደጋ ላይ በጠራራ ፀሐይ ቢሄድ የሚስቅበት ጎረቤት ካለ፣ ያንን ሳቅ ማስቆም የሁላችንም ሥራ ነው።

ቅባቱ የሚያስፈልገው አልቢኒዝም ላለባቸው ነው፤ ለእነሱ የመዋቢያ ዕቃ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ችግሩ ዋጋው ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ መታደስ ስላለበት አንድ ጠርሙስ ብዙ አያቆይም። ታንዛኒያ ውስጥ በኪሊማንጃሮ ሥር ባለችው በሞሺ ከተማ ለአፍሪካ አየር የሚስማማ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እያመረቱ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች በነጻ ያድላሉ፤ የቆዳ ምርመራውንም ከዕደላው ጋር ያያይዙታል። እኔን የማረከኝ ቅባቱ ብቻ አይደለም። ሰው ቅባቱን ሊወስድ ሲመጣ ቆዳው ይታያል፣ ቅርፊቱ ሳይከፋ ይነሣል። እኛም የፋርማሲ ምሩቃን፣ ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ ቀበሌ የወረዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር በየትኛው ጎጥ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ከማንም ቀድማ የምታውቅ ናት። ዝርዝሩን ብትይዝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም የሚያይበት ቀን ቢቆረጥ፣ ቅባቱ በዚያው ቢታደል፣ አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም።

ዕድሩስ? የሰሜን ሸዋ ዕድር ድንኳን አለው፤ የሚተከለው ግን ሰው ሲሞት ነው። ድንኳኑን ለገበያ ቀን፣ ለትምህርት ቤት ስፖርት ውድድር፣ ለስብሰባ ያውሰው። የዕድር ሰብሳቢዎች ዘንድ ይህን ሳነሣ ያረጃል፣ ይቀደዳል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩ ተገቢ ነው፣ ድንኳን ገንዘብ ነው። ሌላው ቢቀር ግን ሰንበቴና ማኅበር የሚጠጡ ጎረቤታሞች ለአንድ ልጅ ሰፊ ባርኔጣ መግዛት አያቅታቸውም። ለሥራ ደግሞ ወንፈልና ደቦ አሉ፤ አጨዳውን ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ማረፍ የድሮ ልማድ ነው። ውቂያውና ማዝራቱ ብቻ ይከብዳል። ገበሬ ነፋስን ይጠብቃል፣ ነፋሱም የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነው። ገለባው ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ብርሃኑ ከገለባው ሲያንጸባርቅ፣ ዓመት ሲደጋገም ዓይን ነጩ ላይ ሥጋ ይበቅላል፤ የዓይን ሞራም ይፈጥናል። በምሥራቅ አፍሪካ በዚሁ በዓይን ነጭ ላይ የሚወጣ ካንሰርም አለ፤ ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጠቃዋል። ጥቁር ቆዳ ዓይንን አይከልልም። በየመንገዱ የሚሸጥ ጥቁር መነጽር ጨረሩን የማያስቀር ከሆነ ብሌንን አስፍቶ ይብስ ጨረር ስለሚያስገባ፣ ሰፊ ባርኔጣ ከመጥፎ መነጽር ይሻላል።

የአሮጌ ቁስልን ነገር ለብቻው ላንሣው። በልጅነቱ እሳት ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ሰው ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊቆስልና ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ በጥቁር ሰዎች ላይ ከሚታዩት የቆዳ ካንሰሮች ብዙዎቹ የሚነሡት እንዲህ ካለ ጠባሳና ከማይድን ቁስል ነው። የማይድን ቁስል ያለበት ሰው እኛ አገር ወዴት ይሄዳል? ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳል፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሄዳል። ይሂድ። በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ የሃይማኖት አባቶች አስተምረው ስንቱ ሰው ተርፏል። ለቁስልም እንዲሁ ይባል፦ አንድ ወር አልፎት ያልዳነ፣ የሚደማ፣ ጠርዙ የሚያብጥ ቁስል እየተጠመቁ ጤና ጣቢያ ይታይ። ያንን ሰው ሌሊትና ቀን አጠገቡ ሆነው የሚያዩት የጸበሉ አገልጋዮች ስለሆኑ፣ ከጤና ባለሙያው ቀድመው «ሂድ ታይ» ሊሉት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ለከተማ ሴቶች ደግሞ ስለ ማድያት አንድ ቃል። ማድያትን ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ባርኔጣና መከላከያ ቅባት ይጠቅማል። ሱቅ ላይ «ማድያት ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠው ማቅያ ግን ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ቆዳን ያሳሳል፣ የተፈጥሮ ጥላውን ይገፈዋል። በገዛ ገንዘብ ከፀሐይ የሚጠብቀንን ነገር ማስነሣት ነው።

ጨቅላቸውን ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁ እናቶችም ይህን አንብበው እንዳይሰጉ። ልጅ ፀሐይ ካላገኘ አጥንቱ ይለሰልሳል። ረፋዱ ሳይደርስ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ ጥቂት ደቂቃ ማሞቁ ይቀጥል። አልቢኒዝም ላለበት ሕፃን ብቻ የጤና ባለሙያ ይጠየቅ።

ሰዓት የሌለው እረኛ መቼ ከፀሐይ እንደሚሸሽ በምን ይወቅ? ባለሙያዎች «ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ተጠለል» ይላሉ። እኛ ይህን ትምህርት ከማንም መበደር አይጠበቅብንም። ካህናት የጾም መፍቻ ሰዓትን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሲያውቁ ኖረዋል። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ሲለካ ሰባት ገደማ ነው፤ እንግዲህ ጥላው ከሰባት ጫማ ካነሰ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። ይህ በሚያዝያ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከ4 ሰዓት አንሥቶ 8 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያልፋል። ወቅቱ ሲለዋወጥ ጥላው አብሮ ስለሚለዋወጥ ከእጅ ሰዓት ይልቅ እሱ ያስተማምናል።

የመንዙን ልጅ በቀደም አግኝቼው ነበር። አያቱ መሪጌታ ናቸው፤ ጥላ መለካቱን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ የበግ ጥበቃውን በተራ አድርጎታል፤ እሱ ማለዳና ወደ ማታ ይጠብቃል፣ እኩለ ቀኑን የጎረቤት ልጅ ይይዝለታል። ባርኔጣው ትከሻው ድረስ የሚደርስ የሰሌን ነው። ጆሮውን አየሁለት፤ ቅርፊቱ ተነሥቷል፣ ሮዝ ቆዳ ተክቶታል። እያወራን ሳለ ድንገት ተነሣና የጥላውን ጫፍ በዓይኑ ምልክት አድርጎ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ መቁጠር ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ስድስት ላይ ጥላው አለቀበት። በትሩን ለጎረቤቱ ልጅ ወርውሮ ወደ ጥዱ ሥር ሮጠ።